ኮምፒዩተርዎ ሲነሳ ለምን ይለግማል?



ይህን ጋዜጣ አብዛኞቻችሁ የምታነሱት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የከተማው ምክር ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው፣ ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ባለው መንደራችን፣ ያዘዛችሁት ምግብ እስኪቀርብ በምትጠብቁበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ስለ መጠበቅ ለእናንተ ማስረዳት «ለቀባሪው አረዱት» ይሆንብኛል። ያም ሆኖ የዛሬው ርእሳችን መጠበቅ ነው፤ ቤት ያለው ኮምፒዩተር ማብሪያው ከተጫነበት ጊዜ አንስቶ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን ድረስ የሚያስጠብቀን ጊዜ።

አንዳንዶቻችን የኮምፒዩተራችንን ፍጥነት በቡና መለካት ጀምረናል። አቦል ላይ የፋብሪካው ዓርማ ይወጣል፣ ቶና ላይ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ በረካ ላይ ኢሜል ይነበባል። ነገሩ ለጨዋታ ይመቻል እንጂ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኢሚግሬሽኑ ማመልከቻ፣ የዓመቱ ታክስ፣ የባንኩ ጉዳይ፣ የልጆቹ የቤት ሥራ፣ የእድሩ ስብሰባ ሳይቀር ዛሬ በዚያችው ሳጥን በኩል ያልፋል። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ወይም ሁለተኛ ሥራውን ጨርሶ የገባ ሰው ለራሱ ጉዳይ የምትተርፈው ምናልባት አንዲት ሰዓት ናት። ከዚያችው ላይ ሩቡን ኮምፒዩተሩ ከበላበት ጉዳዩ ለነገ ይተላለፋል፤ ነገ ደግሞ ለተነገ ወዲያ። ከሁሉም የሚከፋው ግን የለገመ ኮምፒዩተር ሌባ መጥራቱ ነው። እዚህ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ሲነሳ የሚለግም ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ ቫይረስም የለበት፣ የሚጣልበት ዕድሜም አልደረሰ። ወይ ሳይጠሩ የመጡ እንግዶች በዝተውበታል፣ ወይ የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ተሸክሟል። የመጀመሪያውን አንዲት ሳንቲም ሳያወጡ ቤትዎ ተቀምጠው ያስተካክላሉ። ሁለተኛው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሆኖም አዲስ ኮምፒዩተር ከሚገዛበት ጋር የሚወዳደር አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ሳያዩ ገንዘብ ማውጣት በከንቱ መክሰር ነው።

ሲነሳ ምን ምን ይሠራል?

ማብሪያው ሲጫን መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ድሮ ባዮስ የምንላት፣ ዛሬ ዩኢኤፍአይ የምትባለው። እሷ ትነሳና ሜሞሪው አለ ወይ፣ ኪቦርዱ አለ ወይ፣ ዲስኩ አለ ወይ እያለች ቆጠራ ታደርጋለች። የፋብሪካው ዓርማ ስክሪኑ ላይ የሚቆየው በዚህ ጊዜ ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ዊንዶውስን ከዲስኩ ላይ ቀስቅሳ ሥራውን ታስረክበዋለች። ዊንዶውስ በበኩሉ ስክሪኑን፣ ድምፁን፣ ኢንተርኔቱን የሚያንቀሳቅሱለትን ረዳቶች አሰልፎ ፓስወርድ ይጠይቃል። ሦስተኛው ክፍል ፓስወርዱ ከገባ በኋላ ያለው ነው። «ኮምፒዩተሩ ሲከፈት እኛም አብረን እንከፈት» ብለው ስማቸውን ያስመዘገቡ ፕሮግራሞች በሙሉ በአንድ ጊዜ በሩን ይገፋሉ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር የተዘጋጀ መስሎ ማውሱ ግን አልንቀሳቀስም የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት የስልክዎን ሰዓት ይዘው ይለኩ። ዓርማው እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ? ከዚያ ፓስወርድ እስኪጠይቅ ስንት? ፓስወርዱ ከገባ በኋላ አንድ ገጽ በደንብ እስኪከፈት ስንት? ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፏቸው። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ እዚህም ጊዜው የጠፋው የት ላይ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚደረገው ሁሉ ግምት ነው።

ጊዜው የሚጠፋው ዓርማው ላይ ከሆነ በዊንዶውስ አይፍረዱ። ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዙትን ዩኤስቢዎች፣ ተጨማሪ ዲስኮችና ፕሪንተሩን ነቅለው እንደገና ይሞክሩ። ያቺ ቆጣሪ ፕሮግራም አንዳንድ ጊዜ የፎቶግራፍ ዩኤስቢ ውስጥ ዊንዶውስን ስትፈልግ ትቆያለች።

ማጥፋትና «ሪስታርት» አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ አለ። ዊንዶውስ 8 በ2012 ከወጣ ወዲህ፣ «ሻት ዳውን» ብለን የምናጠፋው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የከፈትናቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል፤ የዊንዶውስን አስኳል ግን ባለበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስተኛዋል። በማግስቱ ሲበራ ከሀ ሁ ከመጀመር ይልቅ ያንን አንብቦ ካቆመበት ይቀጥላል። ስሙን «ፋስት ስታርትአፕ» ብለውታል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ በተለይ በአሮጌ ዲስክ ላይ ጊዜ ይቆጥባል። ጣጣው ትናንት የተዘበራረቀውም ነገር ዛሬ አብሮ መነሳቱ ነው።

«ሪስታርት» ግን ሁሉንም ከሥሩ ዘግቶ ከመጀመሪያው ያስነሳል። በየምሽቱ ኮምፒዩተሬን አጠፋለሁ የሚል ሰው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ገጽ «ሲፒዩ» ሥር «አፕ ታይም» የሚለውን ቢመለከት፣ ኮምፒዩተሩ ሳምንታት ሙሉ ሳይቋረጥ እንደሠራ ተጽፎ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ማታ፣ «ሪስታርት» ያድርጉ። በመንገድ ላይ የቀሩ ማሻሻያዎችም ያን ጊዜ ይጠናቀቃሉ። ይህ ብቻውን ኮምፒዩተሩን ያቃናለት ሰው ካለ ቀሪውን ጽሑፍ ትቶ ወደ ምግቡ ይመለስ።

ሳይጠሩት አቤት

አሁን ወደ እንግዶቹ እንምጣ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድነት ይጫኑ። ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል፤ ትንሽ ሆኖ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ይንኩ። እዚያ ውስጥ በዊንዶውስ 10 «ስታርትአፕ»፣ በዊንዶውስ 11 ደግሞ «ስታርትአፕ አፕስ» የሚል ገጽ ያገኛሉ። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው እንዲነሱ የተመዘገቡት ፕሮግራሞች ስም ዝርዝር ያ ነው። ከየስሙ ጎን «ሃይ»፣ «ሚዲየም» ወይም «ሎው» ይላል፤ መነሻውን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ዊንዶውስ ራሱ የሰጠው ማርክ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ወደ ላይ በቀኝ በኩል «ላስት ባዮስ ታይም» የሚል የሰከንድ ቁጥር ካለ፣ ቅድም በስልክዎ የለኩት የመጀመሪያው ክፍል ማለት ነው።

ዝርዝሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው መደነቁ አይቀርም። ዙም አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ቫይበር አለ፣ ቲምስ አለ፣ ልጁ የጫነው የጨዋታ ፕሮግራም አለ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተጣለው ፕሪንተር ወኪል እንኳ ሥራ ላይ ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የተባለው ለእነዚህ ይመስለኛል። በሳምንት አንድ ቀን ለምንሰበሰብበት ዙም ሰኞ ሌሊት የሚነሳበት ምክንያት የለም። ስሙን በማውሱ አንድ ጊዜ ይንኩና «ዲስኤብል» ይበሉት። ፕሮግራሙ አይሰረዝም፤ ሲፈልጉት እንደ ወትሮው ራስዎ ይከፍቱታል። ሐሳብዎን ከለወጡ በዚያው ቦታ «ኢኔብል» ብሎ መመለስ ነው። ስካይፕን ካዩት ግን እሱን ጨርሰው ይሰርዙት፤ በሜይ 2025 አገልግሎቱ ተዘግቷል።

የማይነኩም አሉ። የዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ፣ የድምፅና የላፕቶፑ መዳፊያ ሰሌዳ ረዳቶች ባሉበት ይቆዩ። ፎቶግራፎችዎ ወደ ዋንድራይቭ የሚቀመጡ ከሆነ እሱንም ይተዉት፤ ካጠፉት ፎቶዎቹ መገልበጣቸውን ያቆማሉ። ስሙን የማያውቁትን ነገር አይንኩ፤ ስሙን ጽፈው ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሆነ ይፈልጉ፣ ወይም ከልጆቹ አንዱን ይጠይቁ። ኮምፒዩተሩ ሲገዛ አብሮ የመጣ፣ የሙከራ ጊዜው ያለፈበት ጸረ ቫይረስ ካለ ግን ከሴቲንግስ ገብተው በሥርዓቱ ያስወግዱት። ማሻሻያ የማያገኝ ዘበኛ በር ላይ ተኝቶ «ክፈሉኝ» ከማለት በቀር ሥራ የለውም። እሱ ሲወጣ የዊንዶውስ የራሱ ዲፌንደር በነጻ ይተካል።

የማክ ኮምፒዩተር ያላችሁ፣ «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ጄኔራል»፣ ከዚያ «ሎግኢን አይተምስ» የሚለው ጋ ተመሳሳዩን ዝርዝር ታገኛላችሁ። ከ2022 በፊት በነበሩት ስሪቶች «ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» ሥር ነው። የቀረው ሐሳብ አንድ ነው።

የፊደላችን ፕሮግራሞች ጉዳይ

በሌላ ጋዜጣ የማታገኙት በእኛ ቤት ብቻ ያለ ችግር ይህ ነው። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ያለ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ወይም ሦስት የአማርኛ መጻፊያ አብሮ ይነሳል። አንዱ አዲስ አበባ ሄዶ የመጣ ዘመድ በሲዲ ያመጣው ፓወር ግዕዝ ነው። ሌላው ከኢንተርኔት የወረደው ኪይማን ነው። ሦስተኛው ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ነው። ሦስቱም አንዱን ኪቦርድ ከበው ጣታችን የሚነካውን ቁልፍ ይጠባበቃሉ። መነሻው መዘግየቱ ሳያንስ «ሰ» ብለን ስንጽፍ ሌላ ነገር የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሰው ይህን ቫይረስ ይለዋል፤ እኔ ግን የሦስት አስተርጓሚዎች ሽሚያ እለዋለሁ።

እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ዊንዶውስ የእኛን ፊደል አያውቅም ነበር። በዚያን ዘመን አንድ የፊደል ቅርጽ፣ ማለትም ፎንት፣ ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው። የእኛ 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻቸውን 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲታከሉ ቦታው ይሞላና ይፈስሳል። ስለዚህ ባለሙያዎቻችን ፊደሉን በሁለትና ከዚያም በላይ ፎንት ከፋፍለው፣ በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ አስቀመጡት። የትኛው ቁልፍ ሲነካ የትኛው ፎንት እንደሚመጣ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መነሳት ነበረበት። ለጊዜው ትክክለኛ መፍትሔ ነበር፤ በዚያ ባይሆን ኖሮ በስደት ያለን ሰዎች ያን ሁሉ ጋዜጣና መጽሔት አናሳትምም ነበር። የእነዚያ ሰዎች ውለታ አለብን።

በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። በጃንዋሪ 2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የሚባል ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ለማንበብ ብቻ ምንም መጫን አያስፈልግም። ለመጻፍም ከሴቲንግስ ውስጥ ቋንቋ የሚለው ጋ ገብቶ አማርኛን መጨመር ይበቃል፤ ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍና የባዶ ቦታ መስጫውን አብሮ በመጫን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመላለስ ነው። የዊንዶውሱ አቀማመጥ ለጣታቸው ያልለመደላቸው ሰዎች፣ በድምፅ መጻፍ የሚያስችለውን ነጻውን ኪይማንን ቢይዙ አልቃወምም። ዋናው አንዱን መምረጥ ነው። የቀሩትን በታስክ ማናጀሩ ዝርዝር ላይ «ዲስኤብል» ማለት።

ግን አደራ፣ አሮጌውን ፕሮግራም አይሰርዙት! በተለይም ከእሱ ጋር የመጡትን ፎንቶች። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ አባታችን ጡረታ ከወጡ በኋላ ቁጭ ብለው የጻፉት የሕይወት ታሪክ፣ በ1990ዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ፎንቱ በጠፋበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ሆኖ ነው የሚታየው። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። ፎንት ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ጋር መነሳት አይጠበቅበትም፤ ባለበት ቢቀመጥ መነሻውን እንደነዚያ ፕሮግራሞች አያዘገይም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያላችሁ፣ ፎንቱ በእጃችሁ እያለ ፋይሉን ከፍታችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። አንድ ቅጂም በወረቀት ይታተም። ይህን ለማድረግ አሮጌው ኮምፒዩተር እስኪሞት መጠበቅ አይገባም።

ዲስኩ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ተደርጎ፣ በስልክዎ የለኩት ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁጥር አሁንም በደቂቃ የሚቆጠር ከሆነ፣ ጥፋቱ ከዲስኩ ሳይሆን አይቀርም። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። ከ«ዲስክ» ሥር «ኤችዲዲ» የሚል ከሆነ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው፤ «ኤስኤስዲ» ካለ ፈጣኑ ነው። ኮምፒዩተሩ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የዲስኩ ቁጥር 100 በመቶ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ምስክሩ ሙሉ ነው።

የሚሽከረከረው ዲስክ ለምን እንደሚዘገይ፣ ያሉበትን ምግብ ቤት ይመልከቱ። እሑድ ቀን ቤቱ ሞልቶ አንድ አስተናጋጅ ብቻ አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ሰሐን ብቻ እየያዘ ወጥ ቤትና አዳራሽ ይመላለሳል። እግሩ ፈጣን ቢሆንም መንገዱ ይገድለዋል። ዲስኩም እንደዚያ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የተፈለገችው ነገር ከማንበቢያዋ ክንድ ሥር እስክትደርስ ግን መጠበቅ አለ። በየቦታው የተበተኑ ጥቃቅን ነገሮችን ሲለቅም በሰከንድ ከመቶ ብዙም አይዘልም። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚፈልጋቸው ጥቃቅን ነገሮች በሺዎች ይቆጠራሉ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ያንኑ ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ያከናውናል። አስተናጋጁ ቀርቶ ምግቡ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እንደተደረደረ ማለት ነው። ቀርፋፋ የነበረ የ2014 ወይም የ2015 ላፕቶፕ ዲስኩ ሲለወጥለት በደቂቃዎች የነበረው ወደ ሰከንዶች ይወርዳል። በዚህ ዓምድ የምሰጠው ምክር ሁሉ ተረስቶ አንድ ብቻ ይታወስ ቢባል እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት የኮምፒዩተሩን ሞዴል ጽፈው ምን ዓይነት ዲስክ እንደሚቀበል ያረጋግጡ። አሮጌዎቹ ላፕቶፖች ሁለት ኢንች ተኩል የሆነውን የሳታ ዓይነት ሲቀበሉ፣ አዲሶቹ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነውን ኤም.2 ይወስዳሉ። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ትናንሽ ላፕቶፖች ዲስካቸው ሰሌዳው ላይ የተበየደ ስለሆነ ጨርሶ አይለወጥም። ሜሞሪውንም በዚያው ይመልከቱ። 4 ጊጋባይት ለዛሬ ዊንዶውስ ያንሳል፤ 8 ሲሆን ይተነፍሳል።

ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ስለ ፍጥነት ማሰቡን ይተዉት። ያ የመሞቻው ድምፅ ሊሆን ይችላል። ሌላ ነገር ሳይሞክሩ የሠርጉን፣ የክርስትናውን፣ ከአገር ቤት የመጣውን ፎቶግራፍ ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ዲስኩን ለባለሙያ ሰጥተው የሚያስለውጡ ከሆነ ዋጋውን አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አሮጌው ዲስክ እንዲመለስልዎም ይንገሩት። የታክስ ወረቀትዎና የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርዎ ያለው እዚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ኮምፒዩተሮች ዛሬ ዲስካቸው በቁልፍ የተመሰጠረ ነው፤ የማስነሻው ነገር ሲነካካ 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ይጠይቃሉ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አውጥተው ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ በኋላ መፈለግ ጭንቅ ነው።

ስለ ደዋዮቹ

ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። ስልክ ይደወላል። «ከማይክሮሶፍት ነን፤ ኮምፒዩተርዎ መዘግየቱን አይተናል፤ ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል ደዋዩ። ወይም ስክሪኑን የሚሞላ ቀይ ማስጠንቀቂያ ከጩኸት ጋር ይመጣና የሚደወልበት ቁጥር ይሰጣል። ኮምፒዩተሩ በእርግጥም ሲዘገይ ለከረመበት ሰው ይህ እውነት ይመስለዋል። ደዋዩ ኮምፒዩተሩን ከሩቅ ሆኖ የሚቆጣጠርበትን ፕሮግራም ያስጭነዋል፤ ከዚያ «ኢቨንት ቪወር» የሚባለውን ገጽ ከፍቶ በቀይ የተጻፉ ስሕተቶችን ያሳየዋል። እነዚያ ቀይ ጽሑፎች ግን በማንኛውም ጤነኛ ኮምፒዩተር ላይ አሉ! በመጨረሻም ገንዘቡ የሚከፈለው በጊፍት ካርድ ነው ይባላል።

የማይክሮሶፍት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ የስልክ ቁጥር አይጽፍም። በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል ሕጋዊ ድርጅት የለም። ይህን እኛ ልንነግራቸው የሚገባን ቀን ቀን ቤት ብቻቸውን ለሚውሉት፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ለመጡት እናቶችና አባቶች ነው። እኛ ሰው እያናገረን ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን፤ ሌቦቹ የሚጠቀሙት በዚችው ጨዋነታችን ነው። ለእነዚህ ስልክ መዝጋት ነውር አለመሆኑን ልጅ ለወላጁ ደግሞ ደጋግሞ ይንገር።

የተታለለ ሰው ካለ ኢንተርኔቱን ወዲያው ያቋርጥ። በባንክ ካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ይደውል፣ ፓስወርዶቹንም ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ይለውጥ፤ ከዚያ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያመልክት። አፍሮ ዝም ማለት የሚጠቅመው ሌባውን ብቻ ነው። «ኮምፒዩተርዎን በአንድ ጊዜ እናፈጥናለን» የሚሉትን የሚሸጡ የጽዳት ፕሮግራሞችም አይግዙ። አብዛኞቹ የሚያደርጉት እርስዎ ከላይ በነጻ ያደረጉትን ነው፤ ከዚያም ራሳቸው ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነሱ ሌላ እንግዳ ይሆናሉ።

የማይድን ሲሆን

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ ተፈቅዶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ከዚያ በኋላም መነሳቱን አይተውም፤ ማሻሻያ በማያገኝ ኮምፒዩተር የባንክ ጉዳይ መሥራት ግን አይመከርም። ስለዚህ አዲስ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት ኮምፒዩተርዎ ዊንዶውስ 11ን ይቀበል እንደሆነ «ፒሲ ኸልዝ ቼክ» በሚባለው የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም ይመርምሩ። የማይቀበል ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ኡቡንቱ ወይም ሚንት የመሰለውን ነጻውን ሊኑክስ ጭኖ ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ መጠቀም፤ አማርኛም ያነባል፣ ይጽፋል። ወይም ማሰናበት ነው።

ሲያሰናብቱት ከቆሻሻ ጋር አይጣሉት፤ በካሊፎርኒያ ሕግ ክልክል ነው። የከተማው «ሴፍ ሴንተር» የሚባሉት የመሰብሰቢያ ጣቢያዎች ከነዋሪዎች በነጻ ይቀበላሉ። ለወንድም ወይም ለእኅት ልጅ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ደግሞ አካውንቶችዎን ዘግተው ዲስኩን አጽድተው ይላኩት። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መሰኪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይበቃል። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላው ቀይ ማዞሪያ ካለ ይመልከቱ፤ 115 የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መዞር አለበት። ይህንን በወረቀት ጽፈው ሳጥኑ ላይ ይለጥፉት፤ የሚወስደው ሰው ይረሳል።

ደኅና ሰንብቱ።